አቋቋም በሳተላይት

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ደብረ ታቦር ከገባሁ በኋላ ከፈተና ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ አንድ ቃል ነበር።

ዩኒቨርሲቲያችን ለከተማው ሕዝብ በሩን የሚከፍትበት ቀን ደርሶ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ከጅማ የመጣ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ወጣት ነው። የጠፈር ክበብ መሥርቷል። በክበቡ ያሉት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ መሣሪያው ጥቂት ስለሆነ ከአንደኛ ዓመት አንድ ሰው ብቻ እንደሚወስድ ነገረን። የተመረጠው ሰው ከክበቡ ጋር ጉና ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ክፍት በሆነበት ቦታ መሣሪያዎቹን ይሞክራል። ሦስት ሆነን ተመዘገብን። ለሦስታችንም የተለያየ ርዕስ ሰጠንና እንዲህ አለ፦

«ለእንግዶች የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። እኔ ማርክ አልሰጥም። ከእንግዶቻችሁ አንዱን ጠርቼ ‹ምን ገባዎት?› እላለሁ። መልሶ ካስረዳኝ ተሳክቶላችኋል። ካልቻለ፣ ስታወሩ የነበረው ለራሳችሁ ነው።»

ያደግሁት እብናት ነው። እኛ ዘንድ ሙቀት አለ፤ ጉና ለእኛ በጠራ ቀን ከሩቅ የሚታይ ሰማያዊ ጀርባ ነው። እዚያ ጀርባ ላይ ቆሜ ወደ ታች ማየት ፈለግሁ። ይህን የማንም ልጅ ይመኘዋል፤ እኔ ግን ሌሊት ሳይቀር አስበው ጀመር።

የደረሰኝ ርዕስ፣ በጠፈር ላይ ያለች መንኮራኩር ከጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ፊቷን ወዴት እንዳዞረች የምታውቅበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ቀላል መሰለኝ። ጂፒኤስ የት እንዳለን ይነግረናል፤ ታዲያ ምኑ ነው አዲስ ነገር? በኋላ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ እብናት ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ስልኩ ላይ ቂብላን፣ ሲሰግድ ፊቱን የሚያዞርበትን የመካ አቅጣጫ፣ በቀስት የሚያሳይ ፕሮግራም አለው። ሱቁ ውስጥ ሆኖ ሶላት ሊሰግድ ሲል ስልኩ የት እንዳለ አያጠፋውም፤ እብናት፣ ገበያው፣ እንዲያውም የእኛን መደዳ ያሳየዋል። ቀስቷ ግን የብረት መዝጊያው አጠገብ ስትደርስ ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትዞራለች። አባቴ ይስቅና «ቤቴን ያውቃል፣ ፊቴን አያውቅም» ይላል። ነገሩ ይኸው ነበር። የት እንዳለን የሚነግረን ከሰማይ የሚመጣው ምልክት ነው፤ ወዴት እንደዞርን የሚነግረን ግን ስልኩ ውስጥ ያለው ማግኔት ነው፣ እሱን ደግሞ ብረት ያሳስተዋል። የእኔ ርዕስ ሁለተኛውን ጥያቄ ማግኔት ሳይነካ፣ በዚያው ከሰማይ በሚመጣው ምልክት መመለስ ነበር።

በእንግሊዝኛ ይህ ወዴት ዞሮ፣ እንዴት አዘንብሎ የመቆም ነገር «አቲትዩድ» ይባላል። መምህሩ ደግሞ አስጠንቅቆኛል፦ «ለእንግዶች አቲትዩድ ብትዪ አለቀልሽ። አማርኛውን ፈልጊ።»

ስልኬን ጠየቅሁት። «አመለካከት» አለኝ።

አብራኝ የምታድረው የአዳማ ልጅ አልጋዋ ላይ ተንከባለለች። «የመንኮራኩሯ አመለካከት! በይ ንገሪያቸው፤ ስለ እኛ ያላት አመለካከት ጥሩ ነው ወይስ ቅሬታ አላት?»

«እባክሽ አግዢኝ።»

«አቅጣጫ በያ።»

«አቅጣጫ ብቻውን አይበቃም። ወደ አንድ ቦታ እያየሽ ጭንቅላትሽን ወደ ጎን ማዘንበል ትችያለሽ።»

«አቀማመጥ?»

«እሱ የት እንዳለች ነው የሚመስለው። ደግሞ አልተቀመጠችም።»

«ታዲያ ቆማለች?»

ቃሉ እንዲህ መጣ። አቋቋም! አንድ ነገር እንዴት እንደቆመ፣ ወዴት እንደዞረ፣ ምን ያህል እንዳዘነበለ ሁሉ በአንድ ቃል ይገባል። በማግስቱ ለመምህሩ ስነግረው ጠረጴዛውን መታ። «አቋቋም! ግሩም ነው! ይኼማ ለመጽሐፍም ይሆናል።» እኔም ደስ ብሎኝ በትልቅ ወረቀት ላይ በደማቅ ቀለም ጻፍሁ፦ «አቋቋም በሳተላይት! እንዴት እንደሚሠራ መጥተው ይመልከቱ።» አንዱን የግቢው በር ላይ፣ አንዱን ገበያው አጠገብ ለጠፍን።

እኔ የሙስሊም ልጅ ነኝ፤ መምህሩ የጅማ፣ ጓደኛዬ የአዳማ። ቃሉን ከማውጣታችን በፊት አንድ የደብረ ታቦር ሰው ጠይቀን ቢሆን ኖሮ በሳቅ ይሞትብን ነበር።

የክፍት ቀኑ ዕለት ከላይብረሪው ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ቦታ ሰጡኝ። መሣሪያዬ ቀላል ነበር። አንድ ሜትር የሚሆን ጣውላ፣ በጣውላው ሁለት ጫፎች ላይ የተጣበቁ፣ እንደ ሻይ ስኒ ማስቀመጫ ትንንሽ የሆኑ ሁለት አንቴናዎች፣ ከእነሱ የሚወጣ ሽቦና አንድ ላፕቶፕ። ላፕቶፑ ላይ ቀስት አለ። ጣውላውን ወዴትም ባዞሩት ቀስቷ ተከትላ ትዞራለች። ጠዋት ስሞክረው እንደ ሰዓት ሠራ። ጓደኛዬ የተማሪ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ረዳት ሆና ቆመች።

ከረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጎልማሳ ደቀ መዛሙርት አስከትለው መጡ። ነጠላቸው እንደ ወተት ነጭ ነው። ሦስቱም መቋሚያ ይዘዋል፤ ካህናቱ ማኅሌት ላይ የሚደገፉበትን፣ ሲያሸበሽቡም የሚያወዛውዙትን ረጅም ዘንግ። ሽማግሌው ጥቁር ጃንጥላም ይዘዋል። ደቀ መዛሙርቱ «የኔታ» ስለሚሏቸው እኔም የኔታ አልኋቸው።

«እንደምን አረፈዱ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። የት ነው የምንቆመው?»

«እዚህ ይችላሉ።»

ዙሪያውን አዩ። «ካሜራውስ?»

«የቱ ካሜራ?»

«የሳተላይቱ ነዋ። ጾም ስለሆነ ከበሮና ጽናጽል አላመጣንም። በመቋሚያ ብቻ ነው። ይሆናል?»

ጓደኛዬን ዐይን ዐይኗን አየኋት፤ እሷም የእኔን አየች። እኔም ጨዋነት ይሁን ፍርሃት ባላውቅም «ይሆናል» አልኩ።

«መልካም። ለመሆኑ ሳተላይቱ የላይ ቤት ነው የታች ቤት?»

ይህንን እንኳ አውቃለሁ ብዬ ደስ አለኝ። «የላይ ነው የኔታ። በጣም ላይ ነው፤ ሰማይ ላይ።»

ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የኔታ ግን አልሳቁም፤ በጥሞና አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ አቋቋም ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አቋቋም በዚህ አገር ትምህርት ነው። ዝማሬው ከመቋሚያውና ከእግሩ እንቅስቃሴ ጋር የሚዋሀድበት፣ ሰዎች ዓመታት የሚፈጁበት ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ላይ ቤትና ታች ቤትም የዚያ ትምህርት ሁለት ስልቶች ናቸው። ቃሉን ልጅ ሆኜ እንደ ጎረቤት ሰው ሰምቼዋለሁ፣ ግን ፊዚክስ ሳስብ አልመጣልኝም። በአገሩ አነጋገር ሳተላይት ማለት ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለው የቴሌቪዥን ሳህን ነው። ማስታወቂያዬን ያነበበ ሰው ሁሉ አቋቋም በቴሌቪዥን ሊተላለፍ ነው ብሎ መጥቷል። ዙሪያዬን ሳይ ደግሞ የኔታ ብቻቸውን አልነበሩም። የገበያ ሰዎች፣ ሁለት ባለሱቆች፣ ነጠላ የደረቡ እናቶች ተሰብስበው የሚቀረጸውን ይጠብቃሉ። ከሰዎቹ ኋላ እጁን አጣጥፎ መምህሬ ቆሟል።

እውነቱን ነገርኋቸው። ፊቴ እየተቃጠለ «የኔታ፣ ተሳስቼ ነው። እኔ አቋቋም ያልሁት መንኮራኩሯ እንዴት እንደቆመች፣ ፊቷን ወዴት እንዳዞረች ለማለት ነው። ቀረጻ የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ተመለከቱ። ከዚያ «ነጠላዬን አሳጥቤ!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። «እንግዲህ መጥተናል። አንቺ መንኮራኩር ወዴት ዞራ እንደቆመች ብታውቂ ምን ይረባሻል?»

«ክንፏ ላይ ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስብ ሰሌዳ አላት፤ እሱን ወደ ፀሐይ ማዞር አለባት። ካሜራዋን ደግሞ ወደ ምድር። እንደተገለበጠች ካላወቀች ሰማይ ፎቶ አንስታ ትልክልናለች።»

«በቂ ነው። አሳዪን።»

ጣውላውን አዞርሁት፤ ቀስቷ ዞረች። «ኧረ!» አለ አንዱ ባለሱቅ። የኔታም ቀረብ አሉና ፀሐዩን ቀና ብለው አይተው «ይኼ ዕቃ ፀሐይ ሊመታው አይገባም» ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጣውላው ላይ ያዙለት።

ቀስቷ አበደች። ወደ ተማሪዎች ካፌ፣ ወደ ግቢው በር፣ ወደ እኔ፣ እንደገና ወደ ካፌው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሰማይ የሚመጣው ምልክት በጣም ደካማ ነው፤ የጃንጥላው ብረት አጥንቶች መንገዱን ይዘጉታል፣ የሚያልፈውንም ያንጸባርቁታል። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግን እንዴት ብዬ አንድ አዛውንት፣ ያውም በደግነት የያዙልኝን ጃንጥላ፣ ይዝጉ ልበል? አስተዳደጌ አይፈቅድም። በቅኔ ልሞክር ብዬ «የኔታ፣ ይኼ ዕቃ ፀሐይ ይወዳል» አልኳቸው።

«እኔ ግን አልወድም» ብለው ጃንጥላውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉት።

ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሳይንቲስቷ፣ ጉና እየራቀሽ ነው» አለችኝ። መምህሬ አሁንም እጁን አጣጥፏል። ሊረዳኝ እንዳላሰበ ከአቋቋሙ አወቅሁ።

ትንፋሼን ሳብ አድርጌ «የኔታ፣ እባክዎ ጃንጥላዎን ይጠፉልኝ… ይዝጉልኝ ማለቴ ነው። ሳተላይቶቹን እየከለሉብኝ ነው» አልሁ።

ወደ ሰማይ አዩ። «ከለልኋቸው?»

«አዎ የኔታ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል? በይ እነሱንም ይቅርታ በይልኝ።» ጃንጥላውን ዘጉ። ቀስቷ ወዲያው ጸጥ አለች። ደስ ስላላቸው እንደገና ከፈቱት፤ አበደች። ዘጉት፤ ጸጥ አለች። ከኋላ አንዲት ሴት «ጃንጥላው ነው የሚዘውረው!» አለች፤ ሌላዋ ደግሞ ለራሷ ጃንጥላ ቦታ እየፈለገች ወደ ፊት መጣች። እሷን መመለስ ቀለለኝ።

ችግሩ አላለቀም። ቀስቷ ጸጥ ብላለች፣ ጣውላው ግን ወደ ግቢው በር ዞሮ ሳለ እሷ የምታሳየው ካፌውን ነው። ፍንክች አትልም። «ርቧታል» አለች ጓደኛዬ። ሰው ሳቀ፤ እኔ ላብ አላበኝ። የምታብድ ቀስት ስህተቷን ራሷ ትናገራለች፤ ረግታ የምትሳሳት ቀስት ግን ልክ ትመስላለች። እንዲህ የሚሆንበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፣ ግን ከባድ ነው ብዬ ከማስረዳው ውስጥ አውጥቼው ነበር።

ሁለቱን ደቀ መዛሙርት አየሁና አንድ ነገር መጣልኝ። «የኔታ፣ ይፈቅዱልኛል? እነዚህ ሁለት ወንድሞቼ በጣውላው ሁለት ጫፎች ይቁሙልኝ። ቀረጻ የለም እንጂ አቋቋም ይኖራል።»

የኔታ በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። ሁለቱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቆሙ።

«ከሰማይ የሚመጣው ምልክት ሞገድ ነው» አልሁ ለሁሉም። «እንደ መቋሚያ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሁለቱ አንቴናዎች የሚሰሙት አንድ ዓይነት ውዝዋዜ ነው። ከሳተላይቱ ራቅ ያለው አንቴና ግን ትንሽ ዘግይቶ ይሰማል። ወንድሜ፣ እርስዎ ይጀምሩ፤ እርስዎ ደግሞ በትንሹ ዘግይተው ይከተሉ።»

መቋሚያዎቹ መወዛወዝ ጀመሩ፤ አንዱ ወደ ግራ ሲደርስ ሌላው ገና መሃል ላይ ነው።

«የሚዘገየው የትኛው እንደሆነና ምን ያህል እንደዘገየ ካየን፣ ጣውላው የትኛውን ጫፉን ወደ ሳተላይቱ እንዳቀረበ እናውቃለን። ሁለቱም እኩል ከሰሙ ጣውላው ጎኑን ሰጥቷል ማለት ነው። በብዙ ሳተላይቶች ይህንኑ ስንሠራ ጣውላው ወዴት እንደዞረ ይታወቃል። መንኮራኩር ላይ ሦስተኛ አንቴና ከመስመሩ ወጣ አድርገው ይጨምራሉ፤ ያን ጊዜ የትኛውም ማዘንበል አይደበቅም።»

«ካፌውስ?» አለ ባለሱቁ።

«አሁን ወደ እሱ ልመጣ ነው። ወንድሜ፣ አሁን አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ዘግይተው ይከተሉ።»

ዘገየ። መቋሚያዎቹ አብረው ወደ ግራ፣ አብረው ወደ ቀኝ ሄዱ።

«ማን ነው የዘገየው?»

«ማንም» አለ ሕዝቡ።

«ኧረ እሱ ነው!» አሉ የኔታ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ። «አንድ ምት ሙሉ ኋላ ነው። ሲጀምሩ አይቻለሁ።»

«ሲጀምሩ ስላዩ ነው የኔታ። መሣሪያዬ ግን ሲጀምሩ አላየም፤ የሚያየው መቋሚያውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ ውዝዋዜዎቹን ይገምታል። የዚህ ሞገድ የአንድ ውዝዋዜ ርዝመት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም፤ ጣውላው ደግሞ አንድ ሜትር ነው። ስለዚህ ስንትና ስንት ሙሉ ውዝዋዜ ይሸሸግበታል። ግምቱን በአንድ ሲስት በሩን ትቶ ካፌውን ያሳያል።»

«ታዲያ በምን ይታረማል?»

«በጣውላው። ርዝመቱን እናውቃለን። ግምቱ ከተሳሳተ ሒሳቡ ጣውላውን አንዴ ያሳጥረዋል፣ አንዴ ያስረዝመዋል። ጣውላ ግን አይለጠጥም። ብዙ ሳተላይት ሲታይ፣ ጣውላውን በልኩ የሚተወው ግምት አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቅድም በጃንጥላው ሰማዩ ሲከፈት ሲዘጋ ጥቂት ሳተላይት ብቻ ይዞ ቸኩሎ ነው የገመተው።»

ሒሳቡን ከመጀመሪያው እንዲሠራ አዘዝሁት። ቀስቷ ጠፋች። ደቀ መዛሙርቱ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን አቁመው ላፕቶፑን አዩ። ቀስቷ ተመልሳ ስትመጣ በሩን አሳየች። እናቶቹ እልል አሉ። ለፊዚክስ እልል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

መምህሬ እጁን ፈታና ወደ ፊት መጣ። ከሁሉም ውስጥ የኔታን መረጠ። «የኔታ፣ ምን ገባዎት?»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«መንኮራኩሯ ያለችበት ቦታ አንድ ነገር ነው። ፊቷ ሌላ ነገር ነው። ፊቷን ለማወቅ በሁለት ጆሮ ትሰማለች። የትኛው ጆሮ እንደቀደመ አይታ ትዞራለች። በትንሹ የዘገየ ይታወቃል፤ ሙሉ ምት የዘገየ ግን ሰው ያታልላል። ያን ጊዜ ጣውላውን ይለካሉ።»

መምህሬ ፈገግ አለ። «ፊቷን ማወቋ ለምን ይጠቅማል?»

«ጀርባዋን ፀሐይ ለመሞቅ፣ ፊቷን ወደ እኛ ለማድረግ። እኔም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው የማደርገው።»

የመምህሬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ጆሮ ያሉት…» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ስለ ጆሮ አልተናገርሁም።

«ያ የእኔ ነው» አሉ የኔታ። «እሷ መቋሚያ አለች። ለሴት ልጅ መቋሚያ ምኗ ነው ብዬ ጆሮ አደረግሁላት።»

«የኔታ!» አለች ጓደኛዬ።

«ቀልዴን ነው ልጄ። መቋሚያውም ደህና አድርጎ ገብቶኛል።»

መምህሬ ሌሎቹን ሁለት ተማሪዎችም ሊሰማ ሄደ። የኔታና ደቀ መዛሙርቱ አልሄዱም፤ ጣውላውን እያዞሩ ቀስቷን ይፈትኗታል። ስድስት ሰዓት ሲሆን መምህሬ ተመለሰና እጁን ዘረጋልኝ።

«ቅዳሜ ከንጋቱ በፊት በሩ ላይ። ወደ ገሳይ በሚሄደው መኪና እንሄድና ከመንገዱ ላይ ወርደን በእግር እንወጣለን። መሣሪያውን በበቅሎ እንጭናለን። ጣውላውን ግን አንቺ ነሽ የምትይዢው፤ በቅሎዋ ላይ አይታመንም።»

«እሺ ቲቸር» ብቻ አልኩ፤ ከዚያ ሌላ ሁለት ጊዜ «እሺ ቲቸር» አልኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ አቅፋ ከመሬት አነሳችኝ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁ የኔታ።

«ጉና ላይ» አላቸው መምህሬ።

«ጉና? በዚህ ጫማ?»

ሁሉም ሰው እግሬን አየ። ያደረግሁት ጫማ እብናት ገበያ የገዛሁት፣ ከላይ ቢራቢሮ ያለበት ስስ ጫማ ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የጉና ልጅ ነው። ሌሊቱን ውርጭ እንደሚጥል፣ ጠዋት ሣሩ እንደ ብርጭቆ እንደሚንኮሻኮሽ ነገረኝና የእግሬን ቁጥር ጠየቀኝ። የእህቱ ቦት ጫማ ሊሆነኝ ይችላል አለ። የኔታም «ካልሲ ሁለት ድርብ» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉና፣ ከአንቴናዎቹ ራቅ ብለው ዞረው፣ ወደ በሩ ሄዱ።